ስለ አሮጌ መቈፈሪያ መኪናና ስለ ዘይቱ ጠባይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ወረታ ላይ ሲደርስ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። ከዚህ መንታ መንገድ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ዳር ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ፎገራ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን ወርደው በዚህ ሜዳ ያልፋሉ፤ ክረምት የበረታ እንደ ሆነም ከመሄጃቸው ወጥተው በማሳውና በመንደሩ ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ጎርፍ ስንቱን ባለ ቤት ከቀዬው እንዳስነሣ ያገሩ ሰው አልረሳውም። ዐፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፥ በክረምት እንደ ሊጥ ተጣብቆ አይለቅም። በከብቱ ስሙ የተጠራው ይህ አገር ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሩዝ መዝራት ስለ ለመደ፥ ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የቆመበት ሆኗል። ሩዝ ውኃ ይወዳል ቢባልም የሚወደው ልክ ያለውን ውኃ ነው እንጂ የሚያሰጥመውን አይደለም፤ ስለዚህ ውኃውን የሚያስገባ ቦይ፥ የሚያስወጣ ቦይ፥ የሚከለክል የዐፈር ክትር ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ ዶማና አካፋ የያዘ ብዙ ሰው በደቦ ይወጣ ነበር፤ ዛሬም ይወጣል። ነገር ግን ሥራው ሰፊ፥ ጊዜውም አጭር ሲሆን ባክሆ ሎደር የሚባለው መኪና ይፈለጋል። አካሉ የትራክተር ነው፤ በፊቱ ዐፈር የሚዝቅ ሰፊ አካፋ፥ በኋላው ደግሞ እንደ ሰው እጅ ከትከሻ፥ ከክርንና ከአንጓ የሚታጠፍ መቈፈሪያ ክንድ አለው። ሲቈፍር እንዳይናወጥ በግራና በቀኝ ሁለት የብረት እግሮች ይዘረጋል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሲረል ባምፎርድ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1953 ይህን የመሰለ ክንድ በእርሻ ትራክተር ጀርባ ላይ አሳርፎ ለገበያ አቀረበ፤ በአሜሪካም የኬዝ ኩባንያ በ1957 የፊቱንና የኋላውን በአንድ አካል አዋሕዶ ከፋብሪካው አወጣ። አዲሱ መኪና ዋጋው የሚቀመስ አይደለምና በገጠር ሥራ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሌላ ባለቤት ዕድሜውን የበላው አሮጌ ነው።

የዚህ መኪና ጕልበት በሞተሩ ይጀመራል እንጂ በሞተሩ አይፈጸምም። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፤ ፓምፑ ከታንከሩ ዘይት ስቦ ወደ ቫልቮቹ ይሰዳል፤ ነጂው እጀታ በነካ ጊዜ ቫልቩ መንገድ ከፍቶ ዘይቱን ወደሚፈለገው ሲሊንደር ያገባዋል፤ በዚያም ያለው ፒስተን ተገፍቶ ዘንጉን ያስወጣል ወይም ያስገባል፤ ተግባሩን የፈጸመው ዘይትም በፊልትሮ ተጣርቶ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ሃይድሮሊክ የሚሉት ይህንን ነው። ቃሉ ከጽርእ የመጣ ሆኖ ሥሩ ውኃ ማለት ነው፤ የሚያስገርመውም ስሙ ከውኃ ወጥቶ ሳለ ውኃ ከጠላቶቹ አንዱ መሆኑ ነው።

በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ ወገን ሲጫኑት ግፊቱ ሳይጐድል ወደ ሁሉ ወገን እንደሚደርስ ብሌዝ ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ጽፏል፤ ድርሳኑም እርሱ ከሞተ በኋላ በ1663 ታተመ። የዚህን ነገር ብርታት ለማየት አንድ ስሌት ይበቃል። የውስጥ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር የፒስተኑ ገጽ 78 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ባር ግፊት በአንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይጫናልና፥ ዘይቱ በ150 ባር ሲገባ ፒስተኑ ወደ 12,000 ኪሎ በሚጠጋ ኀይል ይገፋል፤ ይህም የ120 ኩንታል ሸክም ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የጎማ ቱቦና ቀጭን የጎማ ቀለበት መሆኑን ልብ ላለው ሰው አሮጌ መኪና መፍራት አያሳፍርም።

አስቀድሞ ሁለት ነገር መለየት ይገባል። የዘይቱ ብዛት ፍጥነትን ይሰጣል፤ የዘይቱ ግፊት ጕልበትን ይሰጣል። ፓምፑ የሚያወጣው ፍሰትን ነው፤ ግፊት የሚወለደው ፍሰቱ የሚከለክለው ነገር ባገኘ ጊዜ ነው፥ ርብ ክትር እስኪገጥመው ድረስ ዝም ብሎ እንደሚሄድ። እንግዲህ መኪናው ዘገየ ማለትና መኪናው አቃተው ማለት አንድ ቃል አይደለም። ይህን ሳይለይ መፍቻ የሚያነሣ ሰው ሕመምተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት እንደሚያዝዝ ሐኪም ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ፥ ግንቦት ሲጋመስ በሩዝ ማሳ ዳር የውኃ ማስወጫ ቦይ የሚቀድድ አንድ አሮጌ ባክሆ ሎደር ይታሰብ። ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው ተከራይተውታል፤ ደመናው በጉና በኩል መክበድ ጀምሯል። መኪናው ጧት ደኅና ሠርቶ ረፈድ ሲል ይለግማል። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «ፓምፑ አልቋል» ይላል፤ ዘይቱ ሲግል መድከሙ የፓምፕ ማለቅ ምልክት መሆኑን ከሌላ ጊዜ ሰምቷልና። ሰው ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ተልኮ ያገለገለ ፓምፕ ይገዛ ዘንድ ምክር ይያዛል። በዚህ መካከል ከወረታ የተጠራው ሽማግሌ መካኒክ ይደርስና የመሣሪያ ሣጥኑን ሳይከፍት ነጂውን ይጠይቃል።

«ልጄ፥ የደከመው ክንዱ ብቻ ነው ወይስ የፊቱም አካፋ?»

«ሁሉም ነው ጋሼ፤ እግሮቹ እንኳ ሲወርዱ ይዘገያሉ።»

«ዘገየ ነው ወይስ አቃተው? ቀስ ብሎም ቢሆን ዐፈሩን ይነቅላል?»

«ቀስ ብሎ ይነቅላል።»

«ነዳጅ ረግጠህ ሞተሩን ከፍ ስታደርገው ይሻለዋል?»

«ኧረ ይብስበታል። ከሥር ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ይንኰሻኰሻል።»

በዚህ ምልልስ ውስጥ የነገሩ ግማሽ አልቋል። አንዱ ክንድ ብቻ ደክሞ ቢሆን ነቀርሳው በዚያ ክንድ ሲሊንደር ወይም ቫልቭ ይፈለግ ነበር፤ ሁሉም ከደከመ ግን የሁሉም የጋራ በሆነው መንገድ፥ ማለት በታንከሩ፥ በመሳቢያው ቱቦ፥ በፊልትሮው፥ በፓምፑና ግፊትን በሚወስነው ዋና ቫልቭ ይፈለጋል። ቀስ ብሎም ቢሆን ዐፈሩን የሚነቅል ከሆነ ግፊቱ አለ፥ የጐደለው ብዛቱ ነው።

ሲግል መድከም ደግሞ ቅኔ የተማረ ሰው ኅብር የሚለው ዓይነት ነው፤ ቃሉ አንድ ሲሆን ፍቺው ሁለት ነው። ፓምፑ ባለቀ ጊዜ ዘይቱ ሲግል ይቀጥንና በተበላው ብረት መካከል ወደ ኋላ ያመልጣል፤ መኪናውም ይደክማል። መሳቢያው ቱቦ በታመመ ጊዜም ጎማው ሲግል ይልማል፥ ፓምፑ ሲስብ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተጠግቶ መንገዱን ይዘጋል፤ መኪናውም እንደዚሁ ይደክማል። ሁለቱን ፍቺዎች የሚለያቸው የሞተሩ ፍጥነት ነው። ያለቀ ፓምፕ ቶሎ ቶሎ ሲዞር የሚያመልጠውን በብዛት ይክሳልና ይሻለዋል፤ የተራበ ፓምፕ ግን ባፈጠኑት ቍጥር የበለጠ ይራባል፥ ይጮኻልም። የዚያ ጩኸት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ፓምፑ ዘይት ሲያጣ በባዶው ስፍራ አረፋ ይፈጠራል፥ አረፋውም ግፊት ወዳለበት ሲደርስ በኀይል እየፈረሰ ብረቱን እንደ ብል ይበላዋል።

ሽማግሌው መልሱን ቢያገኝም ከታንከሩ ይጀምራል። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፥ አካፋው መሬት ነክቶ፥ የዘይቱ ልክ ይታያል፤ ጐድሎ ቢሆን ቀዳዳውን መፈለግ እንጂ እየጨመሩ መሄድ መድኃኒት አይሆንም። ቀጥሎ ጥቂት ዘይት በብርጭቆ ይቀዳል። ወተት መስሎ የደፈረሰ እንደ ሆነ ለጥቂት ጊዜ ያስቀምጡታል፤ ከግርጌው ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ የገባበት አየር ነው፥ በአንድ የላላ ማሰሪያ በኩል ፓምፑ ነፋስ እየሳበ ነው ማለት ነው። ሳይጠራ ከዋለ ግን ውኃ ገብቶበታል። ይህንንም ለማረጋገጥ አንዲት ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ትጣላለች፤ እንደ ምጣድ ላይ ውኃ ከተንጫጫችና ከፈነጠረች ነገሩ ተፈርዷል። ክዳኑ የላላ ታንከር በፎገራ ክረምት ሜዳ ላይ ካደረ ከዚህ የተለየ ነገር አይጠበቅበትም።

በምሳሌው መኪና ዘይቱ ንጹሕ፥ ልኩም ሙሉ ነው። ስለዚህ እጁ ከታንከሩ ወደ ፓምፑ በሚሄደው ወፍራም ቱቦ ላይ ያርፋል። ቱቦው በውጭ ሲያዩት እንከን የለበትም፤ አልተሰነጠቀም፥ አላዘነበለም፥ ዘይትም አላዛበትም። ፈትቶ በአንደኛው ጫፍ ወደ ፀሐይ አቅንቶ ሲያየው ግን የውስጡ ሽፋን ከግድግዳው ተልጦ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል፤ ፓምፑ በሳበ ቍጥር ያ ምላስ ተነሥቶ ጕሮሮውን ይዘጋዋል፥ ሞተሩ ሲጠፋ ተመልሶ ይተኛል። በቅኔ ቤት ውስጠ ወይራ የሚባል አለ፤ ላዩ ሌላ እንጨት፥ ውስጡ ወይራ የሆነ ነገር ነው። ይህ ቱቦ ግን ተገላቢጦሽ ውስጠ ወይራ ነው፤ ላዩ ወይራ ነው፥ ውስጡ ግን ነቅዟል።

አሁን ፓምፑ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አዲሱ ፓምፕ በዚያው ቱቦ ላይ ይታሰር ነበር፤ እርሱም ተርቦ ይጮኽ ነበር፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ብረቱ ተበልቶ በእውነት ያልቅ ነበር። ከዚህ በኋላ ሰዉ «የገዛነው ፓምፕ የተበላሸ ነበር» ብሎ ሻጩን ይከሳል እንጂ ቱቦውን አይጠረጥርም። የገበሬዎቹ መዋጮ ሁለት ጊዜ ይጠፋል፤ ቦዩ ሳይከፈት ሐምሌ ይገባል። የቱቦው ዋጋ ከፓምፑ ዋጋ አጠገብ የሚጠራ አይደለም፤ ብቻ ሲገዙት በሥርዐቱ ይሁን። ለመሳቢያ የሚሆነው ቱቦ በግድግዳው ውስጥ የተጠማዘዘ ሽቦ ያለውና ዘይት የሚችል ጎማ ነው፤ ስፋቱ ልክ ሆኖ ስለ ተገኘ ብቻ የውኃ መሳቢያ ቱቦ የሚያስር ሰው ጎማው በዘይት አብጦና ልሞ ያንኑ በሽታ መልሶ ይተክላል። የተላጠው ጎማ ፍርፋሪም ወደ ፓምፑና ወደ ፊልትሮው ሳይሄድ አይቀርምና እስከ መጨረሻው መፈለግና መጠረግ አለበት።

ከዚህ ሌላ አንድ የተለመደ ጥፋት አለ። በቫልቮቹ ራስ ላይ የግፊቱን ድንበር የሚወስን ብሎን ይገኛል፤ መኪናው ሲደክም ይህን ብሎን ጥቂት ማጥበቅ ጕልበት የሚጨምር ይመስላቸዋል። እርግጥ አንዳንድ ጊዜ ለአንድ ቀን ይጨምራል። ነገር ግን ይህ ቫልቭ የተሠራው ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ዘይቱን ወደ ታንከሩ መልሶ ቱቦውንና ብረቱን እንዲያድን ነው፤ በግምት የሚያጠብቀው ሰው የጎርፍ ማስተንፈሻውን ደፍኖ ክትሩ ጠነከረ እንደሚል ነው። የግፊት መለኪያ ሳይታሰርበት ይህ ብሎን ባይነካ ይሻላል። መለኪያው ውድ ዕቃ አይደለም፤ ሆኖም በብዙ ጋራዥ የማይገኘው ጆሮና እጅ ይበቃል ከሚል ኵራት ይመስላል።

አንዱ ክፍል ብቻ ሲታመም ምርመራው ጠባብ ነው። ለምሳሌ ክንዱ ተነሥቶ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ይወርዳል። ወይ በሲሊንደሩ ውስጥ የፒስተኑ ጎሚኒ ተበልቶ ዘይቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያልፋል፥ ወይ ቫልቩ በቤቱ ውስጥ ላልቷል። ለመለየት ዘንጉ እስከ መጨረሻው ይወጣል፥ አካፋው መሬት ላይ ያርፋል፥ ሞተሩ ጠፍቶ እጀታዎቹ ወዲያና ወዲህ ተነክተው የታመቀው ግፊት ይለቀቃል፤ ከዚያ በዘንጉ ወገን ያለው ቱቦ ተፈትቶ አፉ ይደፈናል። ሞተሩ ተነሥቶ በሌላው ወገን ግፊት ሲሰጥ በተፈታው የሲሊንደር አፍ ዘይት እየፈሰሰ ከመጣ ጎሚኒው አልቋል፤ ካልመጣ ሲሊንደሩ ከነገሩ ነጻ ነው። ይህን ሳያደርጉ ሲሊንደር አስወርዶ ጎሚኒ መቀየር በዕጣ መፍረድ ነው።

ጎሚኒ ለመቀየር ሲሊንደሩን በሜዳ ላይ መፍታትም ሌላ መዘዝ አለው። በቫልቩ ውስጥ በሚንሸራተተው ዘንግና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የጤፍ ፍሬ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነውና፥ አንዲት የጤፍ ፍሬ መቶ ቦታ ብትከፈል አንዱ ክፋይ በዚያ ክፍተት ለማለፍ ይጨነቃል ማለት ነው። እንግዲህ የፎገራ የበጋ አቧራ በነፋስ እየተነሣ ሳለ ሲሊንደር የሚከፍት ሰው የሚያስገባው ቆሻሻ በዐይን አይታይም። በንጹሕ ቤት፥ በታጠበ እጅ፥ በተሸፈነ ቱቦ መሥራት ከመካኒኩ የሚፈለግ ግዴታ ነው፤ ዘይቱንም ከበርሜል ሲገለብጡ በንጹሕ ማጣሪያ ማሳለፍ እንደዚሁ።

ከሁሉ በላይ ግን የሰው ነገር አለ። አሮጌ ቱቦ ሁልጊዜ በፍንዳታ አይሞትም፤ ብዙ ጊዜ መርፌ የማታሳልፍ ቀዳዳ ያወጣል። በ150 ባር ግፊት ከዚያች ቀዳዳ የሚወጣው ዘይት ከጭጋግ የቀጠነ ስለሆነ ላይታይ ይችላል፤ ሰውም ዘይት የሚያዝበትን ለማግኘት እጁን በቱቦው ላይ እያንሸራተተ ይሄዳል። ያን ጊዜ ዘይቱ ቆዳውን በስቶ ወደ ሥጋው ይገባል። ቍስሉ እሾህ የወጋው ያህል ነው፤ ደምም አይበዛውም፥ በመጀመሪያ ሕመሙም ያን ያህል አይደለም። ወጣቱ ረዳት በጨርቅ ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ዘይቱ ግን በጅማትና በሥጋ መካከል እየሄደ ደም ያፍናል፥ ሥጋ ያጠፋል፤ ማታ እጁ ያብጣል፥ በማግሥቱ ሐኪም ያለው ምርጫ ይጠብባል። ጣቱን፥ አልፎም እጁን የሚያጣ አለ። ስለዚህ ቀዳዳ የሚፈለገው በወፍራም ካርቶን ወይም በእንጨት ቍራጭ ነው፤ ዐይንም በመነጽር ይሸፈናል። የተወጋ ቢኖር ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ለሐኪሙም «በግፊት የወጣ የማሽን ዘይት ገብቶበታል» ተብሎ በግልጥ ይነገር፥ ቍስሉን ብቻ ያየ ሰው ፕላስተር ለጥፎ ሊሰደው ይችላልና። እንደዚሁም በተነሣ አካፋ ሥር ገብቶ መሥራት፥ በዘይት ብቻ የተደገፈን ብረት በሕይወት ማመን ነው። ብረት በብረት ይደገፍ።

አሮጌ መኪና ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲያልፍ ታሪኩን ይዞ አይሄድም። መቼ ዘይቱ እንደ ተቀየረ፥ ማን ብሎኑን እንዳጠበቀ፥ የትኛው ጎሚኒ አዲስ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም፤ መካኒኩ ባለ ቤቱ እንደ ጠፋ ቅኔ ከራሱ ከነገሩ ብቻ ምሥጢሩን ያወጣል። አንዲት ደብተር በነጂው ወንበር ሥር ብትቀመጥና ቀኑ፥ የተሠራው ሥራ፥ መለኪያው ያሳየው ቍጥር ቢጻፍባት የሚቀጥለው ሰው ከመጀመሪያው ፊደል አይጀምርም ነበር። ይህን የሚያደርጉ ጥቂት ናቸው።

በምሳሌው ቦይ አዲሱ ቱቦ ታስሮ መኪናው ሥራውን ይጨርስና ሰኔ ሲያልቅ ጥቁሩ ዐፈር መንገዱን ይዘጋል። ያን ጊዜ መኪናው ጎርፍ ወደማይደርስበት ከፍታ ይወሰዳል። አካፋው መሬት ላይ ያርፋል፥ ዘንጎቹ ሊገቡ የሚችሉትን ያህል ወደ ሲሊንደራቸው ይገባሉ፤ በውጭ የሚቀረው የሚያብለጨልጭ ብረት ግራሶ ይቀባል፥ ዝናብ ያዛገው ዘንግ በመስከረም ሲወጣና ሲገባ ጎሚኒውን እንደ ሞረድ ይበላዋልና። የታንከሩ ክዳን ይጠብቃል፥ በላዩም ሸራ ይታሰራል።